ያኬን ማንን ነበር የሚያናግሩት?

በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ባለች የሸለቆ መንደር አዛውንቱ ያኬን ከቤታቸው ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። መርማሪ ሰራይና ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ጀርመንኛ ተናጋሪዋ ናት!» ይላል ያገኘችው ሁሉ። ያኬን ቤታቸውን እንዲሸጡላት ስትለምን የከረመችውን ፍሬኒን ማለታቸው ነው። መርዶውን ሰምቼ ከዙሪክ ከተማ መጣሁ ያለው የሟቹ ልጅ ዱሪ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ካላሰራችኋት በገዛ እጄ ነው የማንቃት!» እያለ ይፎክራል።

የሰራይና ደም ፈላ። እሷም የሸለቆው ሰዎች በሚናገሩት ቋንቋ፣ በሮማንሽ፣ አፏን የፈታች የዚያው ልጅ ናት፤ ሰው በአፍ መፍቻው ሲወነጀል ግን አትወድም።

«እማማ ሜንግያ፣ በግድግዳው በኩል ምን ሰሙ?» አለቻት ጎረቤቲቱን።

«ጭቅጭቅ ነዋ! ያኬን ቃሉ ሁሉ እስኪሰማኝ ጮክ ብሎ በሮማንሽ ይናገራል፣ ሌላው ድምፁን አፍኖ በጀርመንኛ ይመልሳል። ከዚያ ዷ!»

«ወንድ ነው ሴት?»

«በዚህ ጆሮዬ? ጀርመንኛ መሆኑን መለየቴም ተመስገን ነው!»

ፍሬኒን ስትጠይቃት እያለቀሰች ነበር። «ያኬን አንድ ቀን እንኳ በሮማንሽ አናግረውኝ አያውቁም። አስተምሩኝ ስላቸው 'እንግዳ አናስቸግርም' ይሉኛል።»

ሰራይና ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፍሬኒ ስላለች ወሬው እንደ ልማዱ በጀርመንኛ ሆነ።

«ትንሽ አታፍሩም?» ብላ ጮኸችባቸው። «ይኸው አሁን እንኳ ለአንዲት ሴት ብለን ሁላችንም ቋንቋችንን ለውጠናል! ያኬን ደግሞ መንገድ ለጠፋው ቱሪስት ሁሉ ይለውጡ ነበር። ውሸት ነው?»

«እውነት ነው» አለች ሜንግያ።

«እንግዲያው ፍሬኒ ብትሆን ኖሮ የሚሰማው ጀርመንኛ ብቻ ነበር። በጀርመንኛ እየመለሰላቸው፣ እሳቸው ግን ሮማንሹን የማይተዉለት ሰው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ዱሪ ላይ አረፈ።

«እኔ ዙሪክ ነበርኩ ብያለሁ!» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ፊቱ በንዴት ቀላ። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ለመንገደኛው ሁሉ ምላሱን ያዞራል፣ ለገዛ ልጁ ግን እምቢ! በልጅነቴ እናቴ ዙሪክ ይዛኝ ሄደች፤ ያደግኩት በጀርመንኛ ነው፣ ሮማንሽ አይገባኝም እያልኩት! ቤቱን እንሽጠው ብዬ ለመንኩት። በመጨረሻ ክንዴን ይዞ ሲረግመኝ ገፈተርኩት።»

«እማማ ሜንግያ፣ ከመውደቃቸው በፊት ያሉትን ይንገሩት» አለች ሰራይና።

አሮጊቷ ቃሉን እንዳለ በሮማንሽ ደገመችው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዱሪ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገላመጠ «ምን አለች? ምንድን ነው ያለችው?» ይላል።

ሰራይና በጀርመንኛ ነገረችው።

«'እሺ፣ ቤቱ ይሸጥ፤ ጠቡ ይብቃን' ነው ያሉህ።»