ክምሩን ከበው የተቀመጡት

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ለማስፈራራት የሚሆን አቅምም የለኝም። በቤቴ የሆነ ነገር ነው፤ ያላመነ ይተወው።

የካቲት አስራ አንድ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቤታችን ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ የቀርከሃው ጫካ ጥግ ነው።

እኔና ባለቤቴ አድማሴ ከሰል እናከስላለን። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጠን እንከምራለን፣ ሳርና አፈር እናለብሰዋለን፣ ከስር እሳት እንለኩስበታለን። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጥበቃ ነው።

ክምሩ ሲሰምጥ ቀዳዳ ይከፈታል። አየር ከገባበት ሁሉም አመድ ይሆናል፤ የአምስት ዓመት ዛፍ በአንድ ጠዋት። ስለዚህ ቀዳዳ ያየ ሰው ቆሞ አያስብም። በሳርና በእርጥብ አፈር ይደፍናል፣ በቃ።

ስድስተኛ ቀናችን ነበር። እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ።

የእኔ መጽናኛ አውሬዎቹ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ሚዳቋ ከቀርከሃው ወጥታ በድንቹ ማሳ ዳር ሳር ትግጣለች። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ሆነው ፀሐይ ይሞቃሉ። አድማሴ "ከእኔ ይልቅ እነሱን ታያለሽ" እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው፤ እነሱ ስለ ከሰል አያወሩም።

ያን ቀን ንጋት ላይ በጥበቃው ጎጆ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ተራው የእሱ ነበር። ስነቃ በአካባቢው የለም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው... ቆቅ እንኳ አይጮህም።

ሚዳቋዋ መጥታለች። ግን አትግጥም። ክምሩን እያየች ቆማለች።

ከእሷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቀበሮ ተቀምጧል። እሷን አያያትም። እሱም የሚያየው ክምሩን ነው።

ጉሬዛዎቹ... መሬት ወርደዋል።

እዚህ ቤት ሰባት ዓመት ስኖር ጉሬዛ መሬት ላይ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። ክምሩን ከበው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ነው የሚመስሉት።

የክምሩ አናት ላይ ቀዳዳ ተከፍቷል። የሰው ትከሻ ያስገባል።

ጭስ ግን አይወጣበትም።

ሳርና አፈር ታቅፌ ክምሩ ላይ ወጣሁ። ጎንበስ ስል ከውስጥ...

"እመቤት... አትድፈኚው።"

የአድማሴ ድምፅ ነው። ቀስ ያለ፣ የደከመ።

አፈሩን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። ሰው ከዚያ እሳት ውስጥ መናገር እንደማይችል አውቃለሁ። እናንተ ከምትሉኝ እኔው ልበለው።

"ድፈኚው እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ይሄኛው ከኋላዬ ነበር። ዞር አልኩ። አድማሴ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ መንገዱ ላይ ቆሟል። ጥሊሊ ደርሶ ጆንያ ገዝቶ መመለሱን ነገረኝ።

የማየውን ሰው አመንኩ። ማን አያምንም? ደግሞም ደክሞኝ ነበር... እጄ ስድስት ቀን ሙሉ ሲሠራ የከረመውን ሥራ ሠራ።

ደፈንኩት። በእግሬም ረገጥኩት።

ከስር አንድ ጊዜ ብቻ... "እመቤት።"

ከዚያ ዝም።

አውሬዎቹ ተነስተው ወደ ጫካው ገቡ። አድማሴም ቤት ገብቶ ተኛ። እኔ ጎጆው ደጃፍ ቁጭ እንዳልኩ ከመንገዱ በኩል የሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። ወደ ጥሊሊ የሚሄደው የመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። ሁልጊዜም የሚያልፈው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ፈረሳችንም ጓሮ እንደታሰረ ነው። ታዲያ በምን ሄዶ በምን ተመለሰ?

ክምሩን በዘጠነኛው ቀን ከፈትነው። ከሰሉን አንድ በአንድ በእጄ ለቀምኩት። ምንም የለም። አጥንት ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

አድማሴ ደህና ነው። ይበላል፣ ይሠራል፣ ሲጠራ አቤት ይላል። ፈረሱን ግን አያናግረውም። ድሮ በአገውኛ ያጫውተው ነበር፤ ከእኔ የሚደብቀውን ሁሉ የሚነግረው ለፈረሱ ነበር። አሁን ጨው ይዞ ሲቀርበው ፈረሱ ገመዱን እስኪበጥስ ድረስ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

አውሬዎቹም በየጠዋቱ በዚያው ሰዓት ይመጣሉ። የክምሩ ቦታ ጥቁር አፈር ብቻ ሆኗል። እሱን ከበው ይቀመጣሉ።

ጎረቤታችንን እታ እንቁን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ በቀላሉ የሚደነግጡ ሴት አይደሉም። ረጅም ጊዜ አዩና ክምሩን ከደፈንኩ ስንት ቀን እንደሆነኝ ጠየቁኝ። አስራ ሁለት አልኳቸው።

"እስከ አርባው ይመጣሉ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"የማን አርባ ነው፣ እታ እንቁ? ይንገሩኝ..."

"አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ልጄ።"

ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለብሰው ሄዱ።

ባሌ ቤት ተቀምጦ ለባሌ ፍትሐት አድርጉልኝ ብዬ የትኛውን ቄስ ልለምን? ማታ ማታ ጎኔ ተኝቶ እያለ አድማሴ ይናፍቀኛል። አልቅሼም አላውቅም፤ ለማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

ዛሬ አርባኛው ቀን ነው።

አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ቦታው ባዶ ነው። ሚዳቋዋም የለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለለኝ። አለቀ አልኩ።

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። አድማሴ ነው።

"ጨረሱ?" አለኝ በቀስታ።

"እነማን?"

አልፎኝ ሄደና ሚዳቋዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ክምሩ ቦታ አይደለም።

ወደ ቤቱ ነው። ወደ እኔ።

ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። ይህን የምጽፍላችሁ በመስኮቱ እያየሁት ነው። አንድ ሰዓት አልፏል፤ ሚኒባሱም ጥሩምባውን ነፍቶ ሄዷል። አድማሴ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጓል።

አሁን ሚዳቋዋ ከቀርከሃው ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

አትግጥም።

ጉሬዛዎቹም... ከዛፉ እየወረዱ ነው።