የአርባዕ ተራራ አራት ብርሃኖች

የዘርገብ መንግሥት ምንጮች ሁሉ በአንድ ጀንበር ነጠፉ። ግምቦር የተባለው ባለክንፍ አውሬ ውሃን ከምድር ሆድ የሚስበውን ዕንቁ ሰርቆ በአርባዕ ተራራ ልብ ውስጥ ቀብሮት በርሮ ጠፍቶ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ባለራእይ «አራት ብርሃኖች ከአራቱ ጫፎች ተነሥተው በአንድ ነጥብ ሲገናኙ ዕንቁው ይፈታል» ብሎ ተነበየ። የምንጮቹ ጠባቂ ወጣቷ ሰምራ ጦሯን መሬት ላይ ተክላ ማለች፤ «ውሃውን ሳልመልስ የእናቴን ደጅ ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ።»

ንጉሡ ሁለት ሽማግሌዎችና ሸጋዬ የምትባል በቅሎ ሰጧት። ሽማግሌዎቹ በጦር ሜዳ ያረጁት ጀግናው አርጋዝና በመጽሐፍ ላይ ያረጁት አስማተኛው ቀለምጥ ናቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድም ነገር ተስማምተው አያውቁም። አንደኛው «ዛሬ ይሞቃል» ካሉ ሌላኛው ካባ ይደርባሉ። በእልኸኝነት ግን ከሁሉም የባሰችው በቅሎዋ ነበረች።

ተራራው አራት ፊት ያለው መስተዋት ነው፤ ሦስቱ ጫፎቹ መሬት ረግጠው አራተኛው ደመና ወግቷል። ዘርገብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው። በሜዳ ሁለት ቀጥ ያሉ መንገዶች ጎን ለጎን ካልሄዱ በቀር የሆነ ቦታ መቆራረጣቸው አይቀርም፤ የአገሩ ሰው ሲጣላም እንዲህ በየፊናው ሄዶ መንገዶቹ በሚገናኙበት ይታረቃል። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ተማምነው፣ ብርሃናቸውን መንገዶቹ በሚገናኙበት ሊያጋጥሙ፣ ችቦ ይዘው ተለያዩ። አርጋዝ ወደ ላይ የሚወጣውን ጠርዝ ያዙ፤ ቀለምጥ በወዲያኛው በኩል መሬት ለመሬት የሚሄደውን።

ከሰዓት በኋላ አርጋዝ ከጫፉ ላይ ሆነው «ይኼ ፈሪ ሸሸ!» እያሉ ይጮኻሉ። ቀለምጥ ከታች «የጠፋው እሱ፣ ስሜ የሚጠፋው እኔ» ይላሉ።

ሰምራ ስድስት ፍላጻዎች በጅማት አስራ የተራራውን አምሳል ሠራች። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ፍላጻዎች ስታይ ነገሩ ገባት።

«ማንም አልሸሸም» አለቻቸው፣ ሁለቱንም ወደ ራሷ ጠርታ። «እነዚህ ሁለት ጠርዞች እስከ ዓለም ዳርቻ ቢረዝሙም አይገናኙም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያልፋል። ሜዳ ላይ አድገን ከፍታን ረስተናል።» ቀጥላ ከየጫፉ ወደ ትይዩው ፊት መካከል አንዳንድ ክር ወጠረች። አራቱም ክሮች ከየጫፉ ራቅ፣ ከየፊቱ ቀረብ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። ዕንቁው ያለው እዚያ ነበር። ፀሐይን በአራት የተወለወሉ ጋሻዎች ተቀብለው በእነዚያ መስመሮች መላክ ብቻ ቀራቸው።

ቀለምጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕንቁው ሲፈታ ተራራው ይናዳል። ላይ የቆመ ሰው አይተርፍም።»

«ልክ ነህ» አሉ አርጋዝ።

ቀለምጥ በሕይወታቸው እንደዚያ ደንግጠው አያውቁም።

«እኔ እወጣለሁ፣ ጋሼ» አለች ሰምራ።

«አርፈሽ ቁሚ። ጠባቂ የሌለው ምንጭ ተመልሶ ምን ሊረባ? ደግሞ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ይህን ፈሪ ስፈልግ ወጥቼዋለሁ።»

በማግስቱ ሰምራና ቀለምጥ በሁለቱ ጫፎች ቆሙ። በሦስተኛው ሸጋዬ ጋሻ ታስሮላት ቆመች፤ ገብስ የሞላ ከረጢት አንገቷ ላይ ባያጠልቁላት ኖሮ ዘርገብ በጥም ባለቀ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከደመናው ውስጥ የአርጋዝ ጋሻ አበራ። አራቱ ብርሃኖች ተገናኙ፤ መስተዋቱ ከመሃሉ ጀምሮ እየተሰነጠቀ ተናደ፤ ውሃውም እየደነፋ ፈለቀ።

አርጋዝን እስኪመሽ ፈለጓቸው። ያገኙት ጋሻቸውን ብቻ ነበር። ሰምራ አለቀሰች። ቀለምጥ ግን ጋሻውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እንሂድ ቢባሉም አልነሣም አሉ።

«ከእንግዲህ ከማን ጋር ልከራከር?» አሉ በመጨረሻ።

ሰምራ እንባዋን ጠርጋ የበቅሎዋን ልጓም ያዘች። «የአገራችን መንገድ በቀኝ በኩል ነው፣ አባ።»

«በግራ ነው» አሉ ቀለምጥ።

«በቀኝ ነው።»

«ምን የማትረባ ልጅ ናት!» ብለው ተነሡና፣ ጋሻውን እንዳቀፉ፣ እየተቆጡ ተከተሏት።