ቢጫ ያሏት ልጅ

በፎቶና በህትመት ሙያ ያለ ሰው ሁሉ «ቢጫዋ» ይላታል። መልኳ ጠይም ነው፤ ቢጫ ልብስም ለብሳ አታውቅም። ስሙን ያወጣላት አንድ የምረቃ መጽሐፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በማተሚያ ቤቱ ፎቶ አስተካካይ ሆና ስትሠራ፣ እሷ ያስተካከለቻቸው ፎቶዎች ታትመው ሲወጡ ሦስት መቶ ተመራቂ ቢጫ ሆኖ ጉበቱን የታመመ መሰለ። ወላጆች ተቆጡ፣ ትምህርት ቤቱ መጽሐፉን መለሰ፣ እሷም ተባረረች። «ቀለም የማትለይ የፎቶ ባለሙያ» ተብሎ ወሬዋ በየስቱዲዮው ዞረ።

ጥፋቱ የማን እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ነች። ሌላው አታሚው ነው።

አታሚው ያኔ የልቧ ሰው ነበር። በስክሪን የሚታየው ፎቶና በወረቀት የሚወጣው እንዲመሳሰል ስክሪኗን ያስተካከለላት እሱ ነው፤ ማሽኑ ላይ በተጫነው ነጭ ወረቀት ልክ። ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ህትመቱን ከስክሪኑ ጋር ሲያስተያዩ ጉንጩ ጉንጯን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል ፎቶውን ማን እንዳየው እግዜር ይወቅ። ከዚያ ነጩ ወረቀት አለቀ። እሱም ወደ ቢጫ የሚያደላ ሌላ ወረቀት ጫነ፤ ሊነግራት አስቦ ረሳ።

አለቃቸው ሠራተኛውን ሰብስበው «የማን ጥፋት ነው?» ሲሉ አታሚው ጫማውን ያይ ነበር። እሷ እሱን ታይ ነበር። ቀና አላለም።

ወረቀቱን መርሳቱን ይቅር ልትለው ትችል ነበር። ያን ጎንበስ ያለ አንገቱን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ ዞረች። ጥርሷን ነክሳ የስክሪን ቀለም በመሣሪያ መለካት ተማረች፤ በዚሁ ሥራ በሚተዳደር ድርጅት ተቀጠረች፤ ቢሮ ለቢሮ እየዞረች የሰው ስክሪን ታስተካክል ጀመር። አንድ ቀን ያ ማተሚያ ቤት ለድርጅቱ ደወለ። የአንዲት አንጋፋ ሠዓሊ የሥዕል መጽሐፍ ሊታተም ነው፤ ስክሪኖቹ ይስተካከሉ ተባለ። «እኔ እሄዳለሁ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

አለቃው በር ላይ ሲያይዋት ደነገጡ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። አሁን በመሣሪያ ነው የማየው፤ አይስጉ።»

አራቱን ስክሪኖች በሐቅ አስተካከለች። አምስተኛው የአታሚው ነበር። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«መጋረጃውን ዝጋልኝ።»

ዘጋው። ትንሿን መለኪያ ስክሪኑ ላይ አንጠለጠለች። ከመለኪያዋ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ እየተፈራረቀ ማለፍ ጀመረ። ሁለቱም ያን ከማየት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

«ከስተሻል» አላት።

«ጨለማው ነው።»

«ብዙ ጊዜ ልደውልልሽ አስቤ…»

«አንተ ማሰብ ትወዳለህ።»

 በደብዛዛው ብርሃን ገጹን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ሸምግሏል ሊባል ምንም አልቀረው፤ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ልቧ ሊከዳት ሲል በራሷ ተናደደች፤ በንዴቷም እጇ ጠነከረ። መለኪያዋ ሥራዋን ስትጨርስ እሷ ልኩን በእጇ ወደ ሰማያዊ ትንሽ ገፋችው። ሥዕሎቹ ሰማያዊ መስለው ሲታዩት እሱ ለማስታረቅ ቢጫ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያ ቢጫ ነው። በዚህኛው ጥፋቱን በማንም ላይ ማላከክ አይችልም።

«አለቀ» አለችው። «ማንም እንዳይነካው።»

ስክሪኑን ቆይቶ አየው። ከዚያ እሷን አየ። «አንቺ ካልሽ» አለ።

ህትመቱ በተጀመረ ዕለት አለቃው እሷንም ጠሯት። ባትጠራም ትመጣ ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ከማሽኑ ወጣና ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ሠዓሊዋ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ታተመችው የሴት ሥዕል ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ነካት? እኔ ስስላት ጤነኛ ነበረች» አሉ።

አለቃው ፊታቸው ተለዋወጠ። «የማን ጥፋት ነው?»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ነበር፤ እዚያው ክፍል፣ በዚያው ድምፅ። ወደ አታሚው ዞረች። ቀጥ ብሎ ያያታል። በክንዱ ሥር የዚያው ሥዕል ሌላ ህትመት ተቀምጧል፤ ቀለሙ ልክ ነው። ስክሪኑን ሳያምን፣ ቢጫ ሳይጨምር ትናንት ለሙከራ ያወጣው ነበር። የስክሪኑን መጣመም አውቋል፤ እያወቀ ቢጫውን ጨምሮ አተመው።

«የኔ ነው ጋሼ» አለ። «ሌላ ሰው አይጠይቁ።»

አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብላ ነበር። ነደደች።

«አሁንም እውነቱን አትናገርም?» አለችው። «እዚህ ሰው ፊት አሁንም ልትደብቅ ነው?» ወደ አለቃው ዞረች። «ስክሪኑን ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ። ለምን እንደሆነ እሱን ይጠይቁት።»

አታሚው ሊናገር ሁለቴ ሞከረ። በሦስተኛው ተናገረ፦ ወረቀቱን መለወጡን፣ አለመናገሩን፣ እሷ ስትባረር ጫማውን ሲያይ መቆየቱን።

«ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ» አለ። «እሷን አጣሁ።»

አለቃው ያገኙት የወረቀት ክምር ላይ ተቀመጡ።  ሠዓሊዋ መነጽራቸውን አወለቁና «ጉዳችሁን በኋላ ታወራላችሁ፤ አሁን ሴትዮዬን አድኑልኝ» አሉ።

መለኪያዋ እንደገና ስክሪኑ ላይ ተንጠለጠለች። መጋረጃው ተዘጋ።

«እያወቅህ ለምን አተምከው?»

«እንድትረኪ ብዬ።»

«አልረካሁም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ የሰው ስም ትደረድር ጀመር። «ቢጫዋ» እያሉ ሥራ የከለከሏት የስቱዲዮ ባለቤቶች፣ አብረዋት የሠሩ፣ ከኋላዋ የሳቁ።

«እያንዳንዳቸው ጋ ትሄዳለህ። አሁን ያልከውን ትላቸዋለህ። እኔ አጠገብህ ቆሜ እሰማለሁ።»

«በስልክ አይሆንም?»

«አይሆንም። ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ነው።»

ሄዱ። የመጀመሪያው ስቱዲዮ ውስጥ ላብ አጠመቀው፤ እሷ ግድግዳ ተደግፋ አንዲት ቃል አላገዘችውም። በሁለተኛው ቦታ አንድ ነገር ዘሎ ሊያልፍ ሲል «ወረቀቱንም ንገራቸው እንጂ» ብላ መለሰችው። ሦስተኛው ቤት ደርሰው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና አንድ በረንዳ ሥር ቆሙ። የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ሰጣት። ተቀበለችው፤ አላመሰገነችም። ቂሟ ገና ነበር። ይሁን እንጂ ቀጣዩን ቀጠሮ ስትቆርጥ አንድ ሳምንት በጣም ሩቅ ሆኖ ታያትና ወደ ሁለት ቀን አሳጠረችው።

የመጨረሻው ስም የእናቷ ነበር። እናቷ ያኔ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብቻ ክንዷን ይዛ ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደቻት። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ያ ነው።

አታሚው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። ከልምድ ብዛት አሁን አልተደናቀፈም። እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ልጇን አየች፤ ዓይኖቿን፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ አንተ ለልጄ ምኗ ነህ?»

ይህ ካዘጋጀው ውስጥ አልነበረም። ወደ ልጅቷ ዞረ። እሷ ቀሚሷ ላይ የሌለ ጉድፍ ትለቅማለች።

«እወዳታለሁ» አለ፤ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ጮክ በል» አለችው ቀና ሳትል። «እናቴ ጆሮዋ ደከም ይላል።»

የእናቷ ጆሮ ምንም አልሆነም ነበር። እናትየዋ ልጇን ሰረቅ አድርጋ አየቻትና እጇን ከጆሮዋ ጀርባ ደግፋ ወደ ሰውየው ዘንበል አለች።