አራተኛዋ ክር

«በሩን ዝጊው፣ አቧራ ይገባል» አለ ዲሽ፣ ሱቁ የአባቱ ይመስል።

ጉንዳን አልዘጋችውም። ልዝጋው ብትልም አትችልም ነበር። ግማሽ አካሏ ውጭ ነው፣ ግማሹ ውስጥ፣ መሃል ላይ ደግሞ የጊታሯ ሳጥን በሩ ላይ ተቀርቅሯል። ጉንዳን የሚሏትም ለዚሁ ነው። ከራሷ የሚበልጥ ሳጥን ተሸክማ ስትሄድ ያያት ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም። በጉልበቷ ገፋችው፣ ሳጥኑ ገባ፣ እሷም አብራው ገባች። ማን እንዳናገራት ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰው ሁሉ ዲሽ። ያውም ስታልመው የከረመችው ዓይነት ጊታር ኋላ ተቀምጦ።

«ጉንዳን፣ ሰላም ነው?»

ሰላም ነው ይላታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ይሄ ነው።

ምን እንዳደረጋት ልንገራችሁ። ባለፈው ወሰነ ትምህርት የትምህርት ቤቱ ባንድ የፔዳል ስቲል ጊታር ተጫዋች ሊመርጥ ነበር። አንድ ቦታ፣ ሁለት ልጅ። ዲሽ መጣና «ፈተናው ወደ ዓርብ ተዛውሯል፣ ቲቸር ነው የነገረኝ» አላት። አመነችው። ለምን አታምነውም? ከትምህርት ቤት ውጭ አንድ የጊታር አስተማሪ ጋ፣ በአንድ ጊታር፣ ተራ እየጠበቁ አብረው የተማሩ ልጆች ናቸው። ዓርብ ሳጥኗን ተሸክማ ስትደርስ የሙዚቃ ክፍሉ ተቆልፏል። ፈተናው ሐሙስ አልቋል። እሱ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። የባንዱ ቲቸር «ጓደኛህስ?» ብሎ ሲጠይቀው «ፈርታ ነው የቀረችው» ብሎታል። ፈርታ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላዋ መጥቶ «ቧ» እያለ የሚያስደነግጣት ልጅ ነፍ ነው።

ጊታር ስላችሁ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው እንዳይመስላችሁ። ፔዳል ስቲል እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም ነው። ኋላው ትቀመጣላችሁ። በግራ እጅ ክሮቹ ላይ ብረት ታንሸራትታላችሁ፣ በቀኝ እጅ ትመታላችሁ፣ በእግር ፔዳል ትረግጣላችሁ፣ በጉልበት ደግሞ ከስር ያሉትን ማንሻዎች ትገፋላችሁ። ፔዳል ሲረገጥ አንዳንዱ ክር ይወጠርና ድምፁ እያለቀሰ ከፍ ይላል። የጉንዳን እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ይሄማ የኔው መኪና ነው፣ ክር በዛበት እንጂ» አለች።

የጉንዳን ጊታር ባለ አሥር ክር ነው። ለሚያለቅስ ዘፈን አንደኛ ነው። ግን ባንዱ ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ከመረጣቸው ዘፈኖች ግማሾቹ የጭፈራ ናቸው፣ ወፍራም ዝቅ ያለ ድምፅ ይፈልጋሉ። አሥሩ ክር እዚያ አይወርድም። ባለ አሥራ ሁለት ክሩ ሁለገብ ግን ሁለቱንም ይችላል። አንዱን የጉልበት ማንሻ ገፍታችሁ ስትይዙት ጊታሩ በሙሉ ሌላ ጊታር ይሆናል።

ዕቅዷ አጭር ነበር። ሁለገቡን ትገዛለች። ልምምድ ላይ ሳትጠራ ትገባለች። ሁለቱንም ዓይነት ዘፈን ትጫወታለች። ከዚያ ቲቸር ዲሽን ያየዋል፣ ዲሽ ደግሞ መሬት መሬት ያያል። መሬት መሬት የሚያየውን ዲሽ እያሰበች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ለዚህ ብላ የእረፍቱን ጊዜ በሙሉ እናቷ ጎን ተቀምጣ የተማሪ ሱሪ ስታሳጥር ከረመች፤ በእያንዳንዱ ስፌት ዲሽን እየወጋችው።

ባለሱቁ ከመጋረጃው ኋላ እጁን እየጠረገ ወጣ። ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነው የሚሸጠው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ምናለበት ይለዋል። ክሩ ዝጓል ስትሉት «ምን አለበት፣ ይቀየራል» ይላል። እግሩ ይወዛወዛል ስትሉት «ምን አለበት፣ ወለሉ ነው» ይላል።

«መጣሽ ልጄ? ያልኩሽ ሁለገቦች እነዚህ ናቸው» አላት።

አንደኛው ዲሽ የተቀመጠበት ነው። ቀይ፣ እንደ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ። ሌላው ጥግ ላይ የቆመው ቡኒ ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል፣ ፔዳሎቹ በሰው ጫማ ተበልተዋል።

«ቀዩ የኔ ነው» አለ ዲሽ። «ፏ ያለ አይደል? አባዬ ውጭ መኪና ውስጥ ነው፣ እሺ ካልኩት ገብቶ ይከፍላል። ቲቸር ሁለገብ ያስፈልግሃል አለኝ። የኔዋ አሥር አልቻለችውም።»

«አንተስ ችለኸዋል?»

«ሙድ አትያዢ አቦ።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እስኪ አንዴ ስሚልኝ።»

ዲሽ ያሉት ጆሮው ስለሚሰፋ ነው። ጣቢያ ሁሉ ይስባል እያሉ ይቀልዱበታል። ግን ይሰፋል እንጂ ቅኝት አይለይም። አብረው ሲማሩ ጊታሩን የምትቃኝለት እሷ ነበረች። «ልክ ነው?» ይላታል። «ዝቅ ብላለች» ትለዋለች። «አሁንስ?» «አሁን ልክ ነው።» አሁን በኤሌክትሪክ መቃኛ ነው የሚቃኘው። መቃኛ ደግሞ ያሳዩትን ብቻ ነው የሚያየው።

«ተነስ» አለችው።

ተቀመጠች። ብረቱን ክሮቹ ላይ አሳረፈች፣ መታች፣ ሁለቱን ፔዳሎች ረገጠች። ድምፁ እየጎተተ ወጣ፣ ሱቁን ሞላው። ያምራል፣ መዋሸት አይቻልም። ዲሽ አገጩን ነቀነቀ።

ከዚያ የጊታር አስተማሪያቸው ያሳዩዋትን አደረገች። «ፔዳሉ የሚነካውን ክር ማንም ይሰማል፣ አንቺ የማይነካውን ስሚ» ይሏት ነበር። እነዚህ ሁለት ፔዳሎች አራተኛዋን ክር አይነኳትም። ምንም ቢረገጥ ባለችበት መቆየት አለባት። አራተኛዋን ብቻዋን መታችና ሁለቱንም ረገጠች።

ክሯ ወረደች።

የፀጉር ያህል ናት፣ ግን ወረደች። እግሯን ስታነሳ ተመለሰች። ስትረግጥ እንደገና ወረደች። የጊታሩ እንጨት ደክሟል ማለት ነው። ሌሎቹ ክሮች ሲጎተቱ አካሉ ይጎብጣል፣ ያልተነኩትም አብረው ይላላሉ። ይሄ ክር በመቀየር አይድንም፣ በማጥበቅም አይድንም።

ቀና ስትል ጋሽ ምናለበት እሷን ነው የሚያየው። ያውቃል።

«ምን አለበት» አለ በለሆሳስ።

ወደ ቡኒው ሄደች። አራተኛዋን መታች፣ ረገጠች። እንደ ሚስማር ቀጥ አለች። ማንሻውን በጉልበቷ ገፍታ ወፍራሞቹን ክሮች ስትመታ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ይሄ ነው። የሱሪው ሁሉ ዋጋ ይሄ ነው።

ከዚያ ገባት። ዲሽ ቀዩን ወሰደ እንበል። የዓመቱ መዝጊያ ቀን ነው፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተቀምጧል፣ ወላጅ ሁሉ አለ። ዲሽ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ግማሹ ክር ይወጣል፣ ግማሹ ይወርዳል። ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እሱ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ከኋላ ረድፍ አንዱ «ፈርቶ ነው» ይላል። ፈርቶ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ነገሩ ገና ሳይሆን ጠጣ።

ዲሽ በመስኮቱ ለአባቱ እጁን ሲያውለበልብ ጋሽ ምናለበት ጠጋ አላት። «ቀዩ ዛሬ ከወጣልኝ ለቡኒው አዲስ ሳጥን በነፃ እጨምርልሻለሁ። አንቺ ምንም ማለት የለብሽም። ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ?»

ጉንዳን የድሮ ሳጥኗን አየች። ባለ አሥር ክሩ ጊታር ከነሳጥኑ ለባለሱቁ ሊቀር ነው፤ ከቡኒው ዋጋ ላይ ይታሰብላታል፣ የቀረውን በጥሬ ትከፍላለች። ቡኒውን በምን ይዛ እንደምትሄድ አላሰበችበትም ነበር።

«ቡኒውን ወስጃለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ ዲሽም እንዲሰማ። ገንዘቡን ከጃኬቷ ውስጥ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ሳጥኑ ይቅርብኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እወስደዋለሁ።»

ጋሽ ምናለበት ምን አለበት አላለም።

ደግ ሆና እንዳይመስላችሁ። ቂሟ የራሷ ነው፣ ስፌት በስፌት ያጠራቀመችው ነው፤ ማንም በሳጥን እንዲገዛው አልፈለገችም። ከተበቀለች በራሷ ትበቀላለች።

«ያንን የተላጠ ነገር?» ሳቀ ዲሽ። «ፋራ ነሽ እኮ። እኔ ዞር ብዬም አላየሁትም።»

«ዲሽ፣ ዓርብ ነው ያልከኝ ለምንድን ነው?»

ሳቁ ቆመ። «አሁንም እሱ ላይ ነሽ?»

«አሁንም እሱ ላይ ነኝ።»

ትከሻውን ነቀነቀ። «አንቺ ብትመጪ አንቺን ነበር የሚመርጡት። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።» ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረው።

«ፈርታ ነው ያልከውስ?»

«አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ ቲቸር አፈጠጠብኛ። አልፏል እኮ።» ቀዩን ጊታር በመዳፉ ደባበሰው። «እና? ልውሰደው?»

ይቅርታ የምትለዋ ቃል በአጠገቡም አላለፈች። ጉንዳን ጥርሷን ነከሰች። ቡኒው የሷ ሆኗል፤ ብትነግረው የምታጣው የለም፣ ባትነግረው ከዚያች ከጣፋጯ ቀን በስተቀር የምታተርፈው የለም።

«ተቀመጥ» አለችው። «አራተኛዋን ብቻዋን ምታ። ሁለቱን ፔዳል ርገጥ። ምን ሰማህ?»

መታ፣ ረገጠ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ።

«ምንም።»

«ድገመው።»

ደገመው። ክሯ ወረደች። ጉንዳን ሰማቻት። ጋሽ ምናለበት ሰማት፣ አንገቱን ወደ መጋረጃው አዞረና ሳል ጀመረው። ዲሽ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ተቀምጧል። ልጁ እያስመሰለ አይደለም። እውነቱን ነው፣ አይሰማም።

«ቀጥ ያለች ናት፣ አይደለችም እንዴ?» አለ። በራሱ የተማመነ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በሩ ተከፈተና አባቱ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ። «እሺ ጎረምሳው፣ ወሰንክ?»

ዲሽ ወደ አባቱ አልዞረም። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ጉንዳንን ነው የሚያየው፣ ያኔ በአንድ ጊታር ተራ እየጠበቁ ሲማሩ ያያት እንደነበረው።

«ልክ ነው?» አላት።

ጉንዳን ቡኒውን ጊታር ደገፍ ብላ ቆማለች። የምትመልሰው ድሮ የምትመልስለትን ነው፤ ወይ «ልክ ነው»፣ ወይ «ዝቅ ብላለች»። ሁለቱም አጭር ናቸው፣ ሁለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ናቸው። አባትየው ገንዘብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። እሷም አንዱን አለችው።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትሉት ነበር?