መጀመሪያ የተገኘው

ዝምተኛው፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራው፣ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜው አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል። አለቃችን እንዲያሰናብተው ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ለፕሮግራማችን ላይብረሪ፣ ማለትም ማተሚያውን የሚያዝ የኮድ ጥቅል፣ መጻፍ ነበር። ሰኞ በስብሰባ ላይ «የሱ ላይብረሪ ማተሚያውን አያንቀሳቅስም፤ አምስቴ ሞክሬዋለሁ» አልኩ። እሱ አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ያ አስተያየቱ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። የባሰው ደግሞ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከሱ ላይ አልነቀል ማለቱ ነው።

አርብ ጠዋት የሱን ላይብረሪ የሞከርኩበትን ኮድ እንደገና ከፈትኩት። ፕሮግራማችን እየሠራ ሳለ ላይብረሪዎችን ይጭናል፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን ፈንክሽን፣ አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ቁራጭ፣ በስሙ ፈልጎ ይጠራል። እኔም እሱም በየላይብረሪያችን «ጀምር» የሚባል ፈንክሽን ጽፈናል። «የሱ ላይብረሪ ውስጥ ብቻ ፈልግ» ማለት ሲገባኝ፣ ቸኩዬ «ከተጫኑት ሁሉ ፈልግ» ብያለሁ። ፕሮግራሙም መጀመሪያ ያገኘውን፣ ከማተሚያው ጋር የማይገናኘውን የኔን፣ ይዞ ተመለሰ። የሱ አንዴም አልተጠራም።

እናቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያለች የደከመችው በከንቱ ነው።

መስመሩን አስተካክዬ አስኬድኩት። ማተሚያው አጓርቶ ወረቀት ተፋ። ወረቀቱን ይዤ ዕቃውን በካርቶን ወደሚሰበስበው ዝምተኛው ሄድኩ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ለምን አልተናገርክም?»

«አለቃው ፊት ላዋርድሽ?»

«ማን ለመነህ? ለኔ ብቻ ብትነግረኝስ?»

«ሦስቴ ወደ ጠረጴዛሽ መጣሁ። ሦስቴም ሳልጀምር ‹ቶሎ በላ፣ ምንድን ነው?› አልሽኝ።»

ወረቀቱን እንደያዝኩ ዞሬ ሮጥኩ።

አለቃችን ጋ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ግንባሩን እያሻሸ ሰማኝ።

«እንግዲህ ይቆያል» አለ። «ካሁን በኋላ ግን ኮድሽን ሌላ ሰው ሳያይልሽ አታስገቢም።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«እሱ።»

ስወጣ ካርቶኑን አቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ትቆያለህ» አልኩት። «ሌላ የደበቅከኝ ነገር ካለ ንገረኝ።»

«እኔ...» አለና ቆመ።

ችኮላዬ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ካርቶኑን ከእጁ ወስጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና ጠበቅኩት። በሕይወቴ እንዲያ ጠብቄ አላውቅም።

«እወድ...» አለ።

«እኔም!» አልኩት።