ፋይሉን የቆለፈችው ለምን ነበር?

«ለወንድ ብዬ ሐሳቤን የምቀይር ቀን፣ ጸጉሬን ላጩኝ!» ትል ነበር መርፌ። እንግዲህ ምላጭ ያላችሁ ጠጋ በሉ።

መርፌ ያሏት ምላሷ ስለሚወጋ ነው። ለክሊኒኮች የቀጠሮ ፕሮግራም በሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ኮድ ትጽፋለች። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ልጅ «ጋሼ ቁልፍ» ብላዋለች። ቢበልጣት በሁለት ዓመት ነው፤ «ጋሼ»ው ለማናደድ ነው። የቢሮው ባለቤት ደግሞ ታላቅ እህቱ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይላቸዋል።

ጠባቸው በመሣሪያ ነው። አብረው ኮድ የሚጽፉ ሰዎች አንዱ የአንዱን ሥራ እንዳይደመስስ፣ ለውጡን ሁሉ የሚይዝ ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል። የሷ ጊት ነው፤ ሁሉም ሙሉ ቅጂ ይዞ ለብቻው ይሠራና በኋላ ያዋህዳል። የሱ ሰብቨርዥን ነው፤ ሥራው አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ፋይል የፈለገ ይቆልፋል፣ ሌላው እስኪለቀቅለት ይጠብቃል።

«ይሄ መሣሪያ ሳይሆን የእስር ቤት በር ነው» ትለዋለች።

«ያንቺስ? ሁሉም የመሰለውን ጽፎ መጨረሻ ላይ የሚላተምበት ገበያ!»

«አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

«አንቺ ካረፍሽ እሠራለሁ።»

ሲነታረኩ ሥራው ቆመ። እትዬ በሩን በርግደው ገቡ።

«አደነቆራችሁኝ እኮ! ይህን ሳምንት ሁለታችሁም በሰብቨርዥን ሥሩ። ዓርብ አንዱን በስምምነት ትመርጣላችሁ። ካልተስማማችሁ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ፤ ወንድሜን ደግሞ እንደማላባርር ታውቂያለሽ።»

መርፌ ታውቃለች። ዲፕሎማ የላትም፤ ኮድ የተማረችው ከስልክ ላይ ነው። ይህ በር ከተዘጋባት ሌላ የሚከፍትላት የለም።

ሰኞ ዕለት የቀጠሮውን ገጽ ቆለፈችና ምሳ ወጣች። ስትመለስ ጋሼ ቁልፍ ጠረጴዛዋ አጠገብ እንደ ምሰሶ ቆሟል።

«ልቀቂው።»

«ምኑን?»

«ፋይሉን ነዋ!»

«ለምነኝ።»

«አንቺን ከመለመን ሥራ ብፈታ ይሻለኛል።»

አልለመናትም፤ ግን ደግሞ አልሄደም። እጁን አጣጥፎ ቁልቁል አያት፤ እሷም ተቀምጣ ሽቅብ አየችው። ዓይኖቹ ከስክሪን ጀርባ እንዲህ አይመስሉም ነበር። ለቀቀችለት።

በማግስቱ የማትሠራበትን ፋይል ሳይቀር ቆለፈች። መጣ። ተሰዳደቡ። ሄደ። ሌላ ቆለፈች። ደግሞ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሻለሁ?» አለ አንዴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መርፌ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ሳትወጋው ፋይሉን ለቀቀችለት። በጊት ቢሆን ኖሮ እኮ ከወንበሩም አይነሳም ነበር! ያኔ ነገሩ ገባት። ገባትና ይባስ ተናደደች።

ዓርብ እትዬ ፊት ቆሙ።

«የሱ ይሻላል» አለች መርፌ፣ መሬት መሬት እያየች።

«የሷ ይሻላል» አለ እሱ፣ ከአፏ ነጥቆ።

እትዬ ግንባራቸውን ያዙ። «ተገልብጣችሁም አትስማሙ? በቃ፣ አንቺ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ሥራውም እሱም ባንድ ቃል ሊሄዱባት ነው።

«ስቆልፍበት ይመጣላ!» አለች።

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ልቀቂልኝ ሊለኝ ይመጣል። ሌላ ጊዜ መች ይመጣል?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ መልሳ አትውጠው ነገር። ልጁን ላብ አጠመቀው።

«እኔ ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፋይል ሳልጠይቅ መምጣት ፈልጌ ነው። በፋይል ስመጣ መሰዳደብ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምን አፍህን ያዘው?»

«አንቺ ነሻ! መቼ አስወራሽኝ?»

ዓይኑ ዓይኗ ላይ ቀረ። እሷም አልሸሸችም። እጇን ሲይዛት እንኳ አልመነጨቀችውም።

«ተስማምተናል እትዬ፤ ጊት ይሁን» አለች፣ ጉራዋ ወዲያው ተመልሶ። «ድሮም ያሸነፍኩት እኔ ነኝ! መሣሪያ መምረጥም፣ ሰው መምረጥም ማን እንደኔ ያውቅበታል?»

እትዬ ስክሪናቸውን ወደሷ አዞሩላት።

«ጊትም አምጪ ሰብቨርዥን፣ ጠዋት የላክሽው ኮድ አይሠራም።»