ሁለተኛው ማያያዣ

ከልጅቷ ይልቅ የቤንዚኑ ሽታ ቀድሞ ጋራዡ ገባ። እሷ ሞተር ሳይክሏን እየገፋች ከኋላው ደረሰች። የሱሪዋ ግራ እግር እስከ ጉልበቷ ቤንዚን ጠጥቷል። ከፊት ለፊት ጎማ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ሊቀልዱባት አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን ሲያዩ መልሰው ዘጉት።

ሥራዋ የደም ናሙና ማመላለስ ነው። በየክሊኒኩ የተቀዳውን ደም በበረዶ ሳጥን ትቀበላለች። ሳጥኑን ከኋላዋ ታስርና ሳይሞቅ፣ ሳይዘገይ ለላቦራቶሪው ታደርሳለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን መንገድ ላይ እግሯን በረዳት። ዝቅ ብላ ስታይ ቤንዚን ነው፤ ከነዳጅ ቋቱ ሥር እየተረጨ ሱሪዋን አርሶ ወደ ጋለው ብረት ይወርዳል። ሞተሩን እንዴት እንዳጠፋችው፣ እንዴት እንደዘለለች አታውቅም። ሳጥኑን ፈትታ ተሸክማ በእግሯ ሄደች። ስትደርስ በረዶው ቀልጧል። ደሙም ሞቋል። ላቦራቶሪው አልቀበልም አለ።

ከተመለሱት ብልቃጦች አንዱ የአንድ ጨቅላ ደም ነበር። ነርሷ የደም ሥሩን ፍለጋ በዚያች ትንሽ ክንድ ላይ ስትንከራተት ልጅቷ ቆማ አይታለች። አሁን ያ ጨቅላ እንደገና ሊወጋ ነው። ክሊኒኩ ተመልሳ ይህን ስትናገር እናትየው ምንም አላለችም። ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ልጅቷን አየቻት። ያን ሁሉ መንገድ ሞተሩን ያስገፋት ያ አተያይ ነው።

የጋራዡን መካኒክ ጭምቱ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ጎማ ሠሪዎቹ ናቸው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም አለ፤ የሚጠራበት ግን የለም።

ልጅቷ ከእሱ ጋር የተዋወቀችው በዝናብ ነው። ሞተሩ ከጋራዡ ደጅ ላይ ድንገት ጠፋባት። ጭምቱ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «ግቢ እህቴ፣ ዝናቡ ይመታሻል» ብሎ ሞተሩን ራሱ ገፍቶ አስገባው።

የዚህ ዓይነቱ ሞተር ከነዳጅ ቋቱ ሥር ሁለት ቱቦ አለው። አንዱ ነዳጅ ይወስዳል፣ ሌላው የተረፈውን ይመልሳል። ሁለቱም ከቋቱ ጋር የሚጋጠሙት በፕላስቲክ ማያያዣ ነው። ለምን ብረት እንዳልተደረገ የሠራው ይወቅ። ፕላስቲኩ ከግለቱ ጋር ሲከርም ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሰበራል። ወሳጁ ሲሰበር ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይቆማል። መላሹ ሲሰበር ግን አይቆምም፤ እየሄደ ይረጫል። ያን የዝናብ ቀን የተሰበረው ወሳጁ ነበር።

ጭምቱ እጁን በሳሙና ታጠበ። አሸዋ ወደ ነዳጁ እንዳይገባ ነው። የተሰበረውን ነቅሎ በነሐስ ማያያዣ ተካው። ሲጨርስ ጣቱን ከመጋጠሚያው ሥር አሳለፈና አሸተተ። ከዚያ ሳያስበው ጣቱን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ይሸታል?»

«ሳሙና ይሸታል» አለችው።

ጭምቱ ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። እሷም አየችው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሁለቱም ከጠበቁት በላይ ቆየ፤ አንዳቸውም አላማረሩም።

ጎማ ለማስነፋት ተመልሳ መጣች። ሰንሰለቱን ዘይት ለማስቀባት መጣች። መስታወቴ ላላ ብላ መጣች፤ አልላላም ነበር። ጎማ ቤቱ ፊት ለፊት እያለ አየር ፍለጋ ጋራዥ መግባቷን ጎማ ሠሪዎቹ አይተው፣ ገበያችንን ነጠቅከን እያሉ ጭምቱን ሰንብተው አሽሟጠጡት። እሱም «እህቴ» ማለቱን ተወ። በእሱ ምትክ የሚጠራበትን ግን አላገኘም። ዝም ብሎ ያያታል። ስታየው ብሎን ይፈልጋል።

እና ሱሪዋ ቤንዚን ጠጥቶ ያን ዕለት ስትገባ ቁጣዋ በእሱ ላይ አልነበረም። በፕላስቲኩ፣ በሠራው ፋብሪካ፣ ፋብሪካውን በፈቀደው ሰው ላይ ነበር። ያንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ጭምቱ ተንበርክኮ ከቋቱ ሥር አየ፤ የተሰበረው መላሹ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ በመዳፉ ላይ የነሐስ ማያያዣ ይዟል።

ልጅቷ ማያያዣውን አየችው። ቁርጥ የመጀመሪያውን ነው።

«ይሄን መቼ ገዛኸው?»

ትናንት ነው ቢል ያምን ነበር ልቧ። ጭምቱም ያንን ያውቃል።

«ከመጀመሪያው ጋር» አለ። «የሚሸጠው በጥንድ ነው።»

«ያኔ እጅህ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልገጠምከውም?»

ጭምቱ ማያያዣውን በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ጎማ ቤት አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ።

«እንድትመለሺ» አለ።

ጭምቱ ዝምታዋን ፈራና በዕድሜው ተናግሮ የማያውቀውን ያህል ተናገረ። ሁለተኛው ገና ደህና ይመስል ነበር። ፕላስቲኩ ሲያረጅ መጀመሪያ ያልባል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይሸታል። ሽታው ሲመጣ ትመጣለች፣ ስትመጣ ደግሞ ያን ጊዜውኑ ይቀይረዋል። ያሰበው ይህን ነው። በአንዴ እሰበራለሁ ብሎ የነገረው ፕላስቲክ አልነበረም።

«አሰብክ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ጎማ ሠሪዎቹ በኋላ ሲያወሩ ያስፈራቸው እሱ ነው። «እኔ ከእሳት ጋር እየጋለብኩ አንተ ታስባለህ።»

ስለ ጨቅላውና ስለ ክሊኒኩ ነገረችው። ክንዱ ምን ያህል እንደሆነ በሁለት ጣቷ አሳየችው። ጭምቱ ጣቶቿን እያየ ቆመ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲያንቀሳቅስ እጇን አነሳችና ከለከለችው።

ሞተሩን ወደ በሩ አዞረች። ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን አልመለሰችም።

«ቤቴ የጎማ መንፊያ አለኝ» አለች። «ድሮም ነበረኝ።»

ይህን ብላ ሞተሩን እየገፋች ሄደች። ጭምቱ የተናገረችው እስኪገባው ጥቂት ፈጀበት። ሲገባው አጠገቡ ያለውን በርሜል ተደግፎ ቆመ።

ልጅቷን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷ ሞተሩን ግቢ አቁማ በሩን ስትዘጋ አክስቷ ከአዘጋጉ ብቻ ነገሩ ገባት።

«ያ መካኒክ ነው?» አለች ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ። «ሌባ ሆነ?»

«አይደለም።»

«ሰካራም ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ደደብ ነው።»

«እሱንማ ሁሉም ናቸው» አለች አክስቷ።

ልጅቷ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። አክስቷ እየሰፋች ሰማች። ከዚያ ስለ ሟች ባሏ አነሳች። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ነበር። ከሱሪው ቁልፎች አንዷን ሆን ብላ አላልታ ሰፋችለት። ቁልፏ ስትወልቅ ተመልሶ መጣ። እንደገና አላልታ ሰፋችለት። ሰውዬው እስኪያገባት ድረስ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የከረመው። እየሳቀች ተናገረች፤ ልጅቷም እንድትስቅ ቀና ብላ ጠበቀች።

«ቁልፍ ቤንዚን አይረጭም፣ አክስቴ።»

አክስቷ ማሽኑን አቆመች።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና መልሳ ረገጠችው።

ልጅቷ ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በአውቶብስ መሥራት ጀመረች። ሰው እየተጋፋ፣ ምንድን ነው የያዝሽው እያለ፣ ዘጠኝ ጊዜ ይቅርታ እየጠየቀች። በየፌርማታው ጭምቱን ትረግመዋለች። ቁጣው ምግብ ሆናት ማለት ይቻላል። ጠዋት ስትነሳ መኖሩን ትፈትሻለች፤ አለ። በቁጣው ሥር ሌላ ነገር ሲነቃነቅ ከተሰማት ስለ ጨቅላው ክንድ ታስባለች፤ ያ ነገር ተመልሶ ይተኛል።

አንድ ጠዋት እዚያው ክሊኒክ ስትገባ ነርሷ ሳጥኑን እየሞላች የጨቅላው ውጤት ደህና መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ እንደነበር ጨመረች። ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ ያለ፣ ለመናገር የሚቸገር ሰው። የትኛዋ እናት እንደሆነች ጠይቆ፣ እስክትመጣ ደጅ ቆሞ ጠብቆ፣ ፊቷ ቀረበ። ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ጥፋት የለባትም አላት። እናትየው አፏን ከፈተችበት። ለልጅቷ ያላለችውን ሁሉ ለእሱ አወጣችው፤ ሌሎቹ እናቶችም አገዟት። ሰውዬው እስኪያበቁ ድረስ ቆሞ ተቀበለ።

«ስለ እኔ ጠየቀሽ?» አለች ልጅቷ።

«ምንም አልጠየቀም።»

በአውቶብስ ስትመለስ እንደወትሮው ልትረግመው ጀመረች። አልሄደላትም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ሊለምናት ደጇ ቢመጣ ኖሮ በሩን ፊቱ ላይ ልትዘጋበት ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ዕዳው ካለበት ቦታ ሄዶ ተቀጥቶ ተመለሰ። የምትዘጋው በር አሳጣት።

በማግሥቱ ከሥራ በፊት ሞተሩን እየገፋች ጋራዡ ደረሰች። ጭምቱ ሊቀበላት ሲነሳ በእጇ አገደችው።

«እጅህን እንዳታስገባ። እኔ ነኝ የምቀይረው። አንተ በአፍህ ብቻ።»

ለጭምቱ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። በእጁ ሲሆን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራውን በቃል ማስረዳት ላብ አወጣበት። ወንበሩን አንሺ አለ። ከቋቱ ኋላ ያለውን ብሎን ፍቺ አለ። ቋቱን ከፍ አድርጋ እንጨት እንድታስደግፍ ነገራት። ቱቦውን ስትስብ የተረፈው ቤንዚን እጅጌዋ ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ጨርቅ ይዞ ሲጠጋ ዓይኗን አነሳች። ጨርቁን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ተመለሰ። የተሰበረውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ጎርጉራ አወጣችው። የቱቦው ጫፍ ደርቆ ነበር፤ ቆረጠችው፣ በሙቅ ውኃ አለሰለሰችው። የነሐሱን ማያያዣ የጎማ ቀለበት ዘይት ቀባች።

«አሁን ግፊው» አለ። «በርታ አድርገሽ። ድምፅ ያሰማል።»

ገፋች። አልገባም። እንደገና ገፋች። የጭምቱ እጅ ብቻውን ከጎኑ ተነሳ፤ ያዘው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በሦስተኛው ቀጭ አለ።

ሞተሩን አስነሳች። ጣቷን ከመጋጠሚያው ሥር አሳለፈችና አሸተተች። ለእሱ አላስጠጋችም። ጭምቱ ይህን አየ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሞተር ምክንያት እዚህ አልመጣም» አለችው። «ቢሰበር እኔው እጠግነዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ጭምቱ። «ሲያስተምርሽ የነበረ ሰው መቼም ያውቃል።»

ቆይቶ ደግሞ «ጥሩ ገጥመሽዋል» አለ። ሊያባብላት አልነበረም፤ እውነት ነበር። ልጅቷ የራስ ቁሯን አጥልቃ ሄደች።

ሳምንቱ አለቀ። ጎማ ሠሪዎቹ ቀልድ አቆሙ። ጭምቱ ዝም ያለ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ዝምታው ሌላ ሆነባቸው። አንዱ ሆን ብሎ የራሱን ብስክሌት አበላሽቶ ወሰደለት፤ ጭምቱ ሠርቶ ያለ ቃል መለሰለት። ከውጭ የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቀና ይል ነበር። የእሷን ድምፅ ከሁሉ ይለየዋል። የእሷ አልመጣም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ አጠገቡ የሴት ጫማ ቆመ። ድምፅ ስላልሰማ ማን እንደሆነ አላወቀም። ተንሸራትቶ ሲወጣ ልጅቷ ናት። ቀሚስ ለብሳለች። ፊቷ እንደዚያ ቀን ኮስተር ብሏል።

ጭምቱ ከኋላዋ ፈለገ፣ ደጁንም ተመለከተ።

«ሞተሩስ?»

«ደህና ነው። ቤት ነው።»

«በእግርሽ መጣሽ?»

«በእግሬ።»

«ምን ሆነሽ?» አለ በድንጋጤ።

«ምንም አልሆንኩም። ተቆጥቼ አልጨረስኩም።»

ጭምቱ እጁን ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት። ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት በርጩማ አወጣና ጎማ ሠሪዎቹ እያዩ ደጁ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በአንዱ ተቀመጠ።

«ቀጥይ» አለ።

ልጅቷ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ በርጩማዋን በእግሯ ወደ እሱ ጠጋ አድርጋ ተቀመጠችና፣ ከመጀመሪያው፣ ከዝናቡ ቀን ጀምራ ትቆጣው ጀመር።